ቅልን ለዕደ ጥበብና ለቤት ጌጥ ማድረቅ፦ የትኛው መንገድ ለየትኛው ዕቃ?

ትኩስ ቅል ከአሥር እጅ ዘጠኙ ያህል ውኃ ነው። ይህ ውኃ ወጥቶ ካላለቀ ቀለም አይዝም፤ በመጋዝ ሲቆረጥ ይላላጣል፤ ቫርኒሽ ከተቀባ በኋላም ከውስጥ በስብሶ ይሸታል። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ይስማማል። ውኃው በምን መንገድ ይውጣ ሲባል ነው ምክሩ የሚበዛው። ገጠር ያደጉ እናት «አፉን ቁረጡና ውኃ ሙሉበት፣ ይበስብስ» ይላሉ። ሌላው «ከምድጃ በላይ ቆጥ ላይ አድርጉት» ይላል። ኢንተርኔት ላይ የሚታየው ቪዲዮ ደግሞ ቆዳው ገና እርጥብ ሳለ ሲፋቅ ያሳያል።

ሦስቱም አልተሳሳቱም። ምክራቸው የተለያየው የሚያስቡት ዕቃ ስለተለያየ ነው። እናትየዋ የሚያስቡት ወተት መናጫ ወይም ሽክና ነው፤ የቪዲዮው ሰው የሚሠራው ቀለም የሚቀባ ጌጥ ነው። ስለዚህ «የትኛው ፈጥኖ ያደርቃል?» ብሎ መነሳት ብዙ ቅል ያስጥላል። ቀድሞ የሚመለሰው ጥያቄ ቅሉ በመጨረሻ ምን ይሆናል የሚለው ነው፤ መብራት መሸፈኛ፣ የአበባ ማስቀመጫ፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ጌጥ፣ ወይስ የሚበላና የሚጠጣ ነገር የሚይዝ ዕቃ?

ከማድረቁ በፊት ቅሉን ማወቅ

«ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል» ይባላል፤ አደራረቁም እንዲሁ ነው። ለዕደ ጥበብ የሚፈለገው ነጭ አበባ የሚያወጣው፣ አበባው ወደ ማታ የሚፈካው፣ ቅርፊቱም ሲደርቅ እንደ እንጨት የሚጠነክረው እውነተኛው ቅል ነው። ቢጫ አበባ ያላቸው፣ ቢጫና ብርቱካናማ መልክ የሚይዙት ትንንሽ ጌጠኛ ቅሎች ግን የዱባ ወገን ናቸው። ቅርፊታቸው ስስ ነው፤ ሲደርቁም ቀለማቸው ይደበዝዛል። አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ በመስከረምና በጥቅምት ሱፐርማርኬት ውስጥ በየቅርጫቱ የምታዩዋቸው አብዛኞቹ እነዚህ ናቸው። ለአንድ ወቅት ገበታ ያደምቃሉ፤ ለመቅረጽ ግን አይሆኑም። ይህ መመሪያ ስለ እነሱ አይደለም።

እውነተኛው ቅል መነሻው አፍሪካ ነው። በ2014 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የታተመ የዘረመል ጥናት፣ በአሜሪካ አህጉር ከ10,000 ዓመት ገደማ ጀምሮ ሰዎች ሲገለገሉበት የኖረው ቅል ዘሩ ከአፍሪካ መሆኑን አሳይቷል፤ አጥኚዎቹ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ተንሳፍፎ ተሻግሯል ብለው ያስባሉ። ቅርፊቱ ዘሩን ለወራት ከባሕር ውኃ የሚጠብቅ ከሆነ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ የሚወጣውንም ውኃ እንዲሁ ያዘገየዋል ማለት ነው። ማድረቁ ወራት የሚፈጀው በዚህ ምክንያት ነው፤ ማንኛውም «በሦስት ቀን ይደርቃል» የሚል ምክርም የሚያጠራጥረው በዚሁ ነው።

ከመንገዱ ይልቅ ውጤቱን የሚወስነው የቅሉ መብሰል ነው። ያልበሰለ ቅል በየትኛውም ዘዴ ቢደርቅ ይኮማተራል፣ ወይም ይበሰብሳል። የበሰለው የሚታወቀው ከሐረጉ ጋር ያያያዘው ጭራ ደርቆ ቡናማ ሲሆን፣ ቅርፊቱ በጥፍር ሲጫኑት ምልክት የማይወጣበት ሲሆን፣ ሲያነሱትም ከግዝፈቱ አንጻር ቀለል ሲል ነው። ሲቆረጥ ጭራው ቢያንስ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል አብሮት ይቅር። ጭራው ከሥሩ ከተነቀለ እዚያ ቦታ ላይ ቁስል ይከፈትና መበስበሱ ከዚያ ይጀምራል። በጭራው አንጠልጥሎ መሸከምም ያው ነው።

ከተቆረጠ በኋላ በሳሙና ውኃ አጥቦ፣ አንድ እጅ በረኪና ከዘጠኝ እጅ ውኃ ጋር በተቀላቀለበት ጨርቅ መወልወል የላይኛውን ሻጋታ ይቀንሳል። በረኪናን ከሆምጣጤም ሆነ ከሌላ ማጽጃ ጋር አያደባልቁ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። የተጋጨ ወይም የተቧጨረ ቅል ካለ ከሌሎቹ ለይተው ያስቀምጡት።

በምን እንመዝናቸው?

መንገዶቹን የማነጻጽረው በአምስት ነገር ነው። የመጀመሪያው ጊዜ ነው፤ ለበዓል ገበያ የሚያደርስ ሰውና ለራሱ ሳሎን የሚሠራ ሰው አንድ አይደሉም። ሁለተኛው ስንቱ ይበላሻል የሚለው ነው። ሦስተኛው የቅርፊቱ መልክ፦ አንዱ መንገድ ዥንጉርጉር ቡናማ ያወጣል፣ ሌላው ንጹሕ ክሬም፣ ሌላው ጠይም። አራተኛው ድካሙና ሽታው ነው፤ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሚኖር ሰው የበሰበሰ ቅል ባልኮኒ ላይ ቢያስቀምጥ ከጎረቤት ጋር ይጣላል። አምስተኛው ምግብ ይነካል ወይስ አይነካም የሚለው ነው፤ ይህ አንዳንዱን መንገድ ከመጀመሪያው ያስቀራል።

ዋጋን ለብቻው መመዘኛ ያላደረግሁት አብዛኞቹ መንገዶች ከቦታና ከትዕግሥት በቀር የሚጠይቁት ብዙ ስለሌለ ነው። ወጪ የሚመጣው በኋላ፣ በብርጭቆ ወረቀት፣ በቀለምና በቫርኒሽ ነው።

ሐረጉ ላይ እንዳለ መተው

ሰነፉ መንገድ ነው፤ ግን አይናቅም። ቅሉ እስከ መጨረሻው ስለሚበስል ቅርፊቱ ወፍራም ይሆናል። ክረምቱ እንደወጣ ሰማዩ በሚጠራባቸው ቆላማ አካባቢዎች በደንብ ይሠራል። ሐረጉ ዛፍ ወይም አጥር ላይ የወጣ ከሆነ ደግሞ የተሻለ ነው፤ ፍሬው ተንጠልጥሎ ነፋስ በዙሪያው ያገኛል። መሬት ላይ የተኛ ከሆነ ድንጋይ ወይም የእንጨት ጉማጅ ከሥሩ ያድርጉለት፤ አለዚያ ምስጥና እርጥበት ከታች ይበሉታል።

ደጋ ላይ ችግሩ ሁለት ነው። የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ የበሰለውን ብዙ ባይነካም፣ ለጋውን ያጨማልቀዋል። ከዚያ ደግሞ የበልግ ዝናብ ሳይደርቅ ይደርስበታል። ከብትና አይጥም አሉ፤ አይጥ ፍሬውን ፍለጋ ቅርፊቱን ትቦረቡራለች። በክፍት ማሳ ላይ ጥሩ ጥሩውን ሁሉ ለዕድል መተው አልመክርም። ሰሜን አሜሪካ ግን ብዙ ቅል አብቃዮች ክረምቱን ሙሉ ሜዳ ላይ ትተውት በጸደይ ይሰበስባሉ፤ የበሰለ ቅል በረዶ ቢነካውና ቢፈታም ማድረቁን ይቀጥላል። ቨርጂኒያ ወይም ሜሪላንድ ጓሮ ያላችሁ ይህን ልትሞክሩት ትችላላችሁ።

ቆርጦ ጥላ ውስጥ መደርደር

አንድ መንገድ ብቻ ምረጥ ብባል ይህን ነው የምመርጠው። ሙሉውን ቅል ሳይከፍቱ፣ ሳይፍቁ፣ ነፋስ በሚገባበት ጥላ ውስጥ ማስቀመጥ ነው። አሠራሩ ቀላል ቢመስልም ዝርዝሩ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው።

መደርደሪያው ከሥር አየር የሚያስገባ ይሁን፤ በእንጨት ፍሬም ላይ የተወጠረ የሽቦ ወንፊት፣ ወይም በመካከላቸው ክፍተት ያላቸው ጣውላዎች ይበቃሉ። ሲሚንቶ ወለል ላይ በቀጥታ የተቀመጠ ቅል ከሥሩ ይረጥብና እዚያው ይበሰብሳል። ቅሎቹ እርስ በእርስ አይነካኩ። በሳምንት አንድ ጊዜ መገልበጥ ያስፈልጋል፤ የተኛበት ወገን ሁልጊዜ ወደ ኋላ ይቀራል። ቦታ ከሌለ የሽንኩርት መረብ ከረጢት ውስጥ ከትቶ ከጣራ ማገር ላይ መስቀልም ይቻላል፤ አንገተ ረጅሙን ደግሞ በገመድ አንገቱን አስሮ። ሲሰቀል መገልበጡ ይቀራል።

በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት ገደማ ቆዳው ላይ ነጭ፣ ግራጫና ጥቁር ሻጋታ ይወጣል። ብዙ ሰው ተበላሸ ብሎ የሚጥለው በዚህ ጊዜ ነው። አይጣል። ከቅርፊቱ የሚወጣው ውኃ ላይ የሚያድግ ሻጋታ ነው፤ ቅርፊቱ ጠንካራ እስከሆነ ድረስ ጉዳት የለውም። እንዲያውም በኋላ ሲታጠብ የሚቀረውን ዥንጉርጉር መልክ የሚሠራው እሱ ነው፤ ለአንዳንድ ሠዓሊ ያ መልክ ከማንኛውም ቀለም ይበልጣል። የሚጣለው በጣት ሲጫኑት የሚሰረጉድ፣ ፈሳሽ የሚያወጣ ወይም የሚገማ ቅል ነው። እሱንም ቶሎ ከሌሎቹ መሐል ያውጡት።

«ታች በኩል በትራፓኖ ቀዳዳ ካበጀህለት ይፈጥናል» የሚል ምክር አለ። እኔ አልስማማም። ቅርፊቱ በራሱ ይተነፍሳል፤ ገና እርጥብ ሳለ የተከፈተ ቀዳዳ ለሻጋታና ለነፍሳት መግቢያ ነው። ለወፍ ቤት የሚሆን ከሆነና ቀዳዳው የግድ የሚመጣ ከሆነ እንኳ ከደረቀ በኋላ ይቆረጥ።

ጊዜውስ? ትንንሾቹ በሁለትና በሦስት ወር፣ መካከለኛው ከሦስት እስከ ስድስት ወር፣ ትልቅና ወፍራም ቅል እስከ ዓመት። አዲስ አበባና አካባቢዋ ላይ በጥቅምት ወይም በኅዳር የተቆረጠ ቅል እስከ ሰኔ ዝናብ ድረስ ሰባት ወር ያህል አለው፤ በመካከል የበልጉ እርጥበት ቢኖርም ለአብዛኛው ይበቃል። በሐምሌ የተቆረጠ ግን ክረምቱን ከቤት ውስጥ ማሳለፍ አለበት፤ ወጥ ቤት አጠገብ ያለ ደረቅ ክፍል ወይም ከመስኮት አጠገብ ያለ መደርደሪያ ይፈለግለት።

መድረቁን ሰዎች የሚያረጋግጡት በመወዝወዝ ነው፤ ፍሬው ከተንሿሿ ደርቋል ይባላል። ሁልጊዜ እውነት አይደለም፤ አንዳንዱ ቅል ፍሬው ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ ይደርቅና ድምፅ አይሰጥም። የኩሽና ሚዛን ካለ በየሁለት ሳምንቱ ይመዝኑት። ክብደቱ መቀነሱን ካቆመ ደርቋል። ሁለት ኪሎ የነበረ ቅል ሲያልቅ ከ200 እስከ 300 ግራም አካባቢ መቅረቱ የተለመደ ነው።

ቆዳውን በእርጥቡ ፍቆ ማድረቅ

ቪዲዮዎቹ የሚወዱት ይህን ነው፤ ውጤቱም ዓይን ይስባል። ቅሉ ከበሰለና ከተቆረጠ በኋላ የላይኛው ስስ ቆዳ በደነዘዘ ቢላ ወይም በድስት መፈተጊያ ሽቦ ይነሳል። ከሥሩ የሚወጣው ለስላሳና ወጥ የሆነ የክሬም መልክ ነው። ቆዳው ስለሌለ ውኃው ቶሎ ይወጣል፤ ሻጋታውም ዥንጉርጉር ሳያበጅ ይቀራል።

ክፍያው ግን አለ። ቆዳው ውኃውን በልክ የሚያስወጣ መጋረጃ ነበር፤ ሲነሳ ስስ ቅርፊት ያለው ወይም ትንሽ ለጋ የሆነ ቅል ይኮማተራል፣ ፀሐይ ካገኘው ደግሞ ይሰነጠቃል። ስለዚህ የተፋቀ ቅል በጥላ ውስጥ፣ ነፋሱም ቀስ ባለበት ቦታ ነው የሚደርቀው። በየቀኑ ማየት ያስፈልጋል፤ ሻጋታ ሲጀምር ወዲያው በጨርቅ ይወለወላል፣ አለዚያ ያ ንጹሕ መልክ ይጠፋል።

ይህ ድካም የሚያዋጣው መልኩ ለሥራው ወሳኝ ሲሆን ነው። ለምሳሌ ፔሩ ውስጥ በሁዋንካዮ አጠገብ ያለችው ኮቻስ ቺኮ መንደር በተቀረጸ ቅል ትታወቃለች፤ ጥቃቅን ምስሎችን ቅርፊቱ ላይ ቀርጸው ጥላውን የሚያወጡት በጋለ እንጨት እየለበለቡ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ዥንጉርጉር ቅል ላይ አይታይም። በወስፌና በጋለ ብረት ጥለት የሚያወጣ፣ ወይም ቀለል ያለ የውኃ ቀለም የሚቀባ ሰው በእርጥቡ ይፋቅ። ቅሉን ሙሉ በሙሉ ቡናማ ወይም ጥቁር ለሚቀባ ሰው ግን ከንቱ ድካም ነው።

አፉን ከፍቶ በውኃ ማበስበስ

ይህ የእናቶች መንገድ ነው፤ በብዙ የአፍሪካ አገር ያሉ ሰዎችም ያውቁታል። የበሰለው ቅል አፉ ይቆረጣል፣ የሚወጣው ፍሬና ሥጋ ይወጣል፣ ከዚያ ውኃ ይሞላና ለቀናት ይቀመጣል። ውስጡ የቀረው ሥጋ ይበሰብሳል፤ ውኃው ይደፋል፣ ጠጠርና አሸዋ ከውኃ ጋር ተጨምሮ ይንቀጠቀጣል፣ እንደገና ይታጠባል። ውስጡ ለስላሳ እስኪሆን ይደጋገማል። ከዚያ ተገልብጦ በጥላ ይደርቃል። አፉ ስለተከፈተና ከውጭም ከውስጥም አየር ስለሚያገኝ፣ ማድረቁ ራሱ ሳምንታት እንጂ ወራት አይፈጅም።

ትልቁ ጥቅሙ ውስጡ ንጹሕ መሆኑ ነው። ጠባብ አንገት ባለው ቅል ውስጥ ማንኪያ አይገባም፤ ደርቆ የተጣበቀ ሥጋን ከዚያ ማውጣት መከራ ነው። ስለዚህ ለጠላ፣ ለወተት፣ ለቅቤ፣ ለውኃ የሚሆን ዕቃ የሚፈልግ ሰው ይህን ይምረጥ። ቀጥሎ ምሬቱን ማስለቀቅ አለ፤ ትኩስ ውኃ ሞልቶ ማሳደር፣ ደፍቶ እንደገና መሙላት፣ ውኃው መምረሩን እስኪያቆም። የቅል ሥጋ መራራ ከሆነ አይበላም፤ መራራነቱን የሚሰጠው ንጥረ ነገር ሆድ ይጎዳል። ከዚያ በኋላ በወይራ ማጠን የተለመደው ነው። ማጠኑ ግን ለሽታና ለንጽሕና እንጂ ማድረቂያ ተደርጎ አይቆጠር።

ጉዳቱ ግልጽ ነው፤ ይገማል። ጓሮ ለሌለው ሰው አይሆንም። ለጌጥ ብቻ የሚሆን ቅልም አፉ ካልተከፈተ ይህ ሁሉ አያስፈልገውም።

ጭስ ላይ፣ ከምድጃ በላይ

ገጠር ቤት ውስጥ ቆጥ ላይ የተቀመጠ ቅል ሳይታሰብ ይደርቃል። ሙቀቱ ዝግ ያለ ነው፣ ጭሱ ነፍሳትን ያርቃል፣ ቅርፊቱም ጥላሸት እየጠጣ ጠይምና የሚያብረቀርቅ ይሆናል። ቀለም ሳይቀቡ ያን ጥልቅ ቡናማ ማግኘት ለጨሌና ለዛጎል ሥራ፣ በቆዳ ለሚለበጥ ዕቃም ያምራል። በሌላ በኩል ጥላሸትና ቅባት በጠጣ ቅርፊት ላይ ቀለም አይጨብጥም። የጭሱም ሽታ ለብዙ ጊዜ አብሮ ይኖራል፤ ለመኝታ ቤት መብራት መሸፈኛ ይህን ያስቡበት።

የእንጨት ምድጃ የሌለው ከተሜ በከሰል ማንደጃ ተመሳሳይ ነገር ለማግኘት ክፍል ዘግቶ አይሞክር። ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚያወጣው ሽታ አልባ ጋዝ ሰው ይገድላል።

ፀሐይና ኦቨን

ስለ እነዚህ ብዙ የምለው የለኝም። ቀጥተኛ ፀሐይ ውጩን ከውስጡ ቀድሞ ያደርቅና ቅርፊቱን ይሰነጥቃል፤ በተለይ የተፋቀውን። ዱባይና ሪያድ ባልኮኒ ያላችሁ ቅሉን ከበጋው ፀሐይ ወደ ውስጥ አስገቡት። ኦቨን ደግሞ ሙሉውን ቅል ያበስለዋል እንጂ አያደርቀውም፤ ውስጡ የታፈነው እንፋሎትም ሊያፈነዳው ይችላል። ማይክሮዌቭ ውስጥ ሙሉ ቅል ማስገባት ፈጽሞ አይሞከር።

የደረቀውን መግዛት

ሥራው በቅርብ ቀን የሚፈለግ ከሆነ ይህ ራሱ አንድ አማራጭ ነው። ሲገዙ ቅሉን በእጅ ያንሱት፤ ከባድ ከሆነ አልደረቀም። በጣት አንኳኩት፤ የደረቀ ቅርፊት ጥርት ያለ የእንጨት ድምፅ ይሰጣል፣ የረጠበው ድምፁ የታፈነ ነው። ታችና ጭራው አካባቢ ስንጥቅና የነፍሳት ቀዳዳ ይፈልጉ። ቅርፊቱ ምን ያህል ይወፍራል የሚለው ለመቅረጽ ወሳኝ ነው፤ አፉ የተከፈተ ከሆነ ጠርዙን ማየት ይቻላል። ከሦስት ሚሊ ሜትር የሳሳ ለቀለም እንጂ ለጥልቅ ቅርጽ አይሆንም። ለምግብ ሲሠራበት የኖረ አሮጌ ቅል ገዝቶ ለጌጥ ማዋል መልካም ነው፤ ቅቤ የጠጣ ቅል ግን ቀለም እንደማይቀበል ይወቁ።

በአንድ ዓይን

| መንገድ | የሚፈጀው ጊዜ | የመበላሸት ስጋት | የቅርፊቱ መልክ | ድካምና ሽታ | ለምን ይሻላል |
|---|---|---|---|---|---|
| ሐረጉ ላይ መተው | ወራት | ከፍተኛ፣ ቆላ ላይ መካከለኛ | ዥንጉርጉር | ድካም የለም | ብዙ ቅል ላለው፣ ደረቅ አካባቢ |
| ጥላ ውስጥ መደርደር | ከ2 ወር እስከ ዓመት | ዝቅተኛ | ዥንጉርጉር ቡናማ | ትንሽ ድካም፣ ቀላል የሻጋታ ሽታ | ለአብዛኛው ጌጥ |
| በእርጥቡ መፋቅ | ከሳምንታት እስከ ጥቂት ወራት | ከፍተኛ | ወጥ ክሬም | የየቀን ክትትል | ቅርጽ፣ መለብለብ፣ ፈካ ያለ ቀለም |
| በውኃ ማበስበስ | ሳምንታት | መካከለኛ | ፈካ ያለ፣ ውስጡ ንጹሕ | ብዙ ድካም፣ ከባድ ሽታ | የምግብና የመጠጥ ዕቃ |
| ጭስ ላይ | ወራት | ዝቅተኛ | ጠይም፣ የሚያብረቀርቅ | ድካም የለም፣ የጭስ ሽታ | ጨሌ፣ ዛጎል፣ ቆዳ |
| ፀሐይ ወይም ኦቨን | አጭር | በጣም ከፍተኛ | ስንጥቅ | — | አይመከርም |
| የደረቀ መግዛት | ወዲያው | በመረጣ ይወሰናል | እንደተገኘው | ወጪ ብቻ | የጊዜ ገደብ ላለበት |

ለእርስዎ የትኛው?

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሆነው ሦስት አራት ቅል ለሳሎንዎ የሚሠሩ ከሆነ፣ በመረብ ከረጢት ባልኮኒ ላይ፣ ፀሐይ በማያገኝበት በኩል ይስቀሏቸው። ለአንድ ሥራ ሁለት ቅል ያዘጋጁ፤ አንዱ ቢበላሽ አይቆጭም።

ለመብራት መሸፈኛ ጥቃቅን ቀዳዳዎች የሚበሳ ሰው ቅርፊቱ ወፍራምና ሙሉ በሙሉ የደረቀ መሆኑ ላይ አይደራደር፤ እርጥብ ቅርፊት በትራፓኖ ሲበሳ ጠርዙ ይቦጨቃል። ጥላ ውስጥ የተደረደረውን፣ ከተቻለ ዓመት የሞላውን ይጠቀም። አምፖሉ የማይግል ኤል ኢ ዲ ይሁን።

ለገበያ የሚሠሩ ከሆነ መንገድ ቀላቅሉ። አብዛኛውን ጥላ ውስጥ ደርድሩ፤ ከምርጦቹና ከወፍራሞቹ የተወሰኑትን ብቻ ፍቁ። የቀረበ ትዕዛዝ ካለ ለዚያ የደረቀ ይገዛ እንጂ የራስዎን ቅል በሙቀት አያጣድፉት። ትልቁ ወጪ ማድረቂያው ሳይሆን ቦታው ነውና፣ በየዓመቱ አንድ ዙር እየቀደሙ ማከማቸት ያዋጣል፤ የደረቀ ቅል ደረቅ ቦታ ከተቀመጠ ለዓመታት አይበላሽም።

ጠላ ወይም ወተት ሊጠጡበት ከሆነ ምርጫው አንድ ነው፤ በውኃ ማበስበስ። ቫርኒሽና ቀለም ከውጭ ብቻ ይቀባ፤ ከንፈር የሚነካው ጠርዝ ላይም አይደርስ።

የደረቀውን ቅል ማጽዳት

በየትኛውም መንገድ ያለፈ ቅል ከሥራ በፊት ይታጠባል። ለብ ባለ የሳሙና ውኃ ውስጥ ይዘፍዝፉት፤ ስለሚንሳፈፍ እርጥብ ፎጣ ከላይ ጣል ያድርጉበት። ግማሽ ሰዓት ያህል ሲቆይ ሻጋታውና የደረቀው ቆዳ በድስት መፈተጊያ ሽቦ ይነሳል። ከዚያ በጥላ ይድረቅ።

እዚህ ላይ ሰዎች የሚዘነጉት አቧራው ነው። የደረቀ ቅልን በብርጭቆ ወረቀት ሲፈትጉ፣ አፉን ቆርጠው ውስጡን ሲፍቁ የሚነሳው ብናኝ የሻጋታ ዘር የያዘ ነው፤ አስም ያለበትን ሰው በተለይ ያውካል። ስለዚህ ውስጡን ከመፋቅዎ በፊት በውኃ ያርጥቡት፣ ማስክ ያድርጉ፣ ከተቻለ ውጭ ይሥሩ፤ ሕፃናትንም ያርቁ። በጋለ ብረት ሲለበልቡም ጭሱ ከፊትዎ ወደ ሌላ እንዲሄድ ቬንትሌተር ያኑሩ፤ የተቀባ ወይም ቫርኒሽ የነካው ቅል ላይ ግን ፈጽሞ አይለብልቡ፤ መለብለቡ ሁልጊዜ ከቀለሙ ይቅደም።